ሁለት ጀሪካን ውሃ

ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ቤት ሲውል መጀመሪያ የሚያፈርሰው የገዛ ቤቱን ነው። ሰፈርተኛው «ጋሽ መፍቻ» የሚለው ሰውዬም ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር፣ ጠብታ እንኳ የማያፈሰውን የኩሽና ቧንቧ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመው። በአራተኛው ወር የሚፈታ ነገር ሲያጣ፣ ሰማንያ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አሸክሞ መጣና ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ በነበረበት ቦታ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አለች ሚስቱ።

«ባሕር።»

«እንኳን ባሕር፣ ልብስ የሚሰጣበት ቦታም የለን!»

እንዲህ ትበል እንጂ ከዓይኑ ደስታውን አይታለች። ከጡረታው ወዲህ እንዲህ ፊቱ ሲበራ አላየችም ነበርና ቴሌቪዥኑን ራሷ አንሥታ መኝታ ቤት አስገባችው።

እሷን ደግሞ «ሚዛን» ይሏታል። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መመገቢያ አዳራሽ ሠላሳ ዓመት ምግብ አብስላለች፤ አሁንም ዋናዋ እሷ ናት። ለሁለት መቶ ሰው የሚሆን ሾርባ ስትሠራ ጨው በማንኪያ ለክታ አታውቅም። በእጇ ዘገን ታደርግና ወደ ድስቱ ትበትነዋለች፣ አለቀ። የበላ ሁሉ «እጇ ይጣፍጣል» ይላል። ባሏም ከገበታ በተነሣ ቁጥር «እጅሽ ይባረክ» ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

የተጣራ ውሃ በጀሪካን ተጋዘ። ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀው የባሕር ጨው፣ ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም እየተመዘነ ተበጠበጠ። አሸዋው፣ ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ፣ ፓምፑና ማሞቂያው ተከታትለው ገቡ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሚዛን «በል እንግዲህ ዓሣዎቹን አምጣቸዋ» ብትለው፣ ጋሽ መፍቻ ዓሣ ሻጩ ያስጠነቀቀውን ነገራት።

«ውሃው ገና አልበሰለም።»

«ምን አልከኝ?»

«አልበሰለም። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ድንጋዩ ውስጥ እስኪባዙ አምስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ዓሣ ካስገባን ሬሳ ማውጣት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሳበስል ኖሬ ያለ እሳት አምስት ሳምንት የሚበስል ውሃ ዛሬ ገና ሰማሁ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ገና በሩን ሳትዘጋ ጥያቄዋ «በሰለልህ?» ሆነ።

በስድስተኛው ሳምንት ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች መጡ። ከአንድ ድንጋይ ጥግ ስለማይለያዩ «ሙሽሮቹ» አለቻቸው። መስታወቱን እየላሰች የምታጸዳውን ቀንድ አውጣ ደግሞ «ጽዳቷ» ብላ ሰየመቻት። ጠዋት ጠዋት ሙሽሮቹን «እንዴት አደራችሁ?» ሳትል ከቤት አትወጣም ነበር፤ ባሏን አንዳንድ ቀን ትረሳዋለች።

ታዲያ ይህች ሴት ለማንም ያልነገረችው አንድ ጉድ ነበራት።

ከአራት ወር በፊት የጣላት ጉንፋን ሲሄድ ጣዕም የሚባለውን ነገር ይዞባት ሄደ። ሎሚው ውሃ ውሃ፣ ጨው አሸዋ አሸዋ አላት። ሐኪሙ «ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል» ብሎ አሰናበታት። ለማን ትንገር? ሠዓሊ ዓይኔ ጠፋ ብሎ ለማን ይናገራል? ሥራ ቦታ አብራት የምትሠራውን ሴት ትጠራና «ነይ እስቲ ቅመሺ፤ ነገ እኔ ስወጣ አንቺ ነሽ የምትይዢው» ትላታለች። ሴትዮዋ ቀምሳ «ምንም አይወጣለትም» ስትላት ሚዛን አታምናትም። አለቃን ማን ደፍሮ ጨው በዛብሽ ይላል? ባሏም ማታ ማታ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፤ እሱንም አታምነውም። እሱማ ቢሞት አይናገራት።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባል የለ? እሷም ሌላ ሰው ድንጋይ ብሎ ሳይጥላት በራሷ ፈቃድ ልትሄድ ቆርጣለች። የወሩ መጨረሻ ላይ ሥራዋን ልትለቅ ነው። ምግብ ካላበሰለች ግን ምን እንደምትሆን አታውቀውም።

በዚህ መሐል የጋሽ መፍቻ ታላቅ እህት ከሌላ ከተማ ደወለች። የቤቷ የውሃ መስመር ጭራሹን አርጅቷልና ወንድሟ መጥቶ አዲስ ይዘርጋላት። እሱም መፍቻዎቹን በደስታ እየቆጠረ ሻንጣ ውስጥ ከተተና ለሁለት ሳምንት ሊሄድ ተነሣ። ታክሲው ውጭ ጥሩምባ እየነፋ ነው፤ እሱ ግን ገንዳው አጠገብ ቆሞ አደራውን አይጨርስም።

«ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የምትተኪው በንጹሕ ውሃ ነው። በቀን ሁለት ሊትር፣ ይቺ ጆግ ሁለት ጊዜ። ከጀሪካኑ ነው የምትቀጂው።»

«ከየትኛው ጀሪካን?»

«ከንጹሑ ነዋ! ጨው የተበጠበጠበትማ የገንዳውን ውሃ መለወጫ ነው፤ እሱን እኔ ስመለስ እጠቀምበታለሁ።»

ሚዛን ወደ ኩሽናው ጥግ አየች። ሁለት ጀሪካኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም እስከ አፋቸው ሙሉ።

«አልጻፍክባቸውም?»

«ምን ብዬ?» ሰውዬው ከልቡ ተገረመ። የውሃውን ጨው የሚለካባት የብርጭቆ መሣሪያ ባለፈው ሳምንት ከእጁ አምልጣ ተሰብራለች፤ ሌላ አልገዛም ነበር። «ቤቴ ውስጥ ሚዛን እያለች ጀሪካን ላይ የምጽፈው አብጃለሁ? ቀመስ አድርገሽ አትተፊም?»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ታክሲው እንደገና ጮኸ፤ እሱ ጉንጯን ስሞ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ጀሪካኖቹ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከአንደኛው ቀመሰች፣ ምንም። ከሁለተኛው ቀመሰች፣ ምንም። ዕንቁላል ጨው በበዛበት ውሃ እንደሚንሳፈፍ ትዝ አላትና ከሁለቱም ቀድታ ሞከረች። በሁለቱም ዘጭ አለ፤ የባሕር ውሃ ዕንቁላል ለማንሳፈፍ የሚበቃ ጨው የለውም ለካ። ጎረቤት ጠርታ እንዳታስቀምስ፣ «ሚዛን እኮ ውሃ አስቀመሰችኝ» የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ሥራ ቦታ ይደርሳል። ለባሏ ደውላ «የቱ ነው?» ብትለው ደግሞ «ቅመሺው» ነው የሚላት። መጨረሻ ላይ «ለገንዳው የቀረበው ለገንዳው ነው» አለችና ወደ ሳሎኑ በር ከሚቀርበው ቀዳች። ዕውቀትም አይደል፣ ጸሎት ነበር።

እሱ በየቀኑ ይደውላል። «ሙሽሮቹስ?» ይላል።

«ደህና ናቸው።»

እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ውሸት አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ጽዳቷ የቅርፊቷን በር ዘግታ አሸዋው ላይ ወደቀች። በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አንደኛው ሙሽራ ከድንጋዩ ሥር በጎኑ ተኝቶ ይተነፍስ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ሯጭ። ምግብ ጣል ብታደርግለት ዞሮም አላየው። ሚዛን መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ «ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሁህ?» አለችው።

የገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። በጥፍሯ ፋቀችውና፣ ልማድ ነውና፣ ምላሷ ላይ አደረገችው። አሸዋ። ያኔ ነው ሰውዬው «ጨው አይተንም» ያለው ትዝ ያላት። በጥድፊያ መጥበሻ ጣደች። ስትቀዳበት ከከረመችው ጀሪካን አንድ ጭልፋ ጨምራ አፈላችው፤ ውሃው ሲያልቅ መጥበሻው ነጭ ለበሰ። ከሌላኛው አንድ ጭልፋ አፈላች፤ ሲያልቅ መጥበሻው ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ባሕሩ ላይ ጨው ስትጨምር ከርማለች።

ንጹሑን ጀሪካን አንሥታ ልትደፋው ቃጣትና እጇን ሰበሰበች። በአንዴ ቢለወጥስ ይገድላቸው እንደሆነ? ስልኩን አነሣች።

«ጀሪካኑን ተሳስቻለሁ» አለችው። «ጨዋማውን ነው ስጨምር የከረምኩት። አንዱ ሊሞት ነው።»

«እንዴት ትሳሳቻለሽ? አልቀመስሽም?» አለ፤ ወዲያው ግን ድምፁን አለዘበ። «እሺ ግድ የለም፣ አትደንግጪ። አሁን ገንዳውን ቅመሺና ንገሪኝ፤ ጨዉ ካንቺ ሾርባ ምን ያህል ይበልጣል? በሱ ልክ ነው የምንቀንሰው።»

መዋሸት ትችል ነበር፤ «ትንሽ ይበልጣል» ማለት አፍ አይጎዳም። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ዓሣ ግን በጎኑ ተኝቶ እየተነፈሰ ነው።

«አላውቅም» አለች። «አልቀምስም። ጉንፋን ከያዘኝ ጀምሮ አንድም ነገር አልቀምስም። አራት ወር ሆነኝ። ምላሴ ሞቷል።» ከዚያ በኋላ እንባዋ መጣ።

ወዲያ ማዶ አንድ የብረት ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ። መፍቻ ሳይሆን አይቀርም።

«በመጀመሪያ ዓሣዎቹን» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ሊትር ቀድተሽ አውጪ፣ ሁለት ሊትር ከንጹሑ ጨምሪ፣ በዝግታ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። እንዳትቸኩዪ፣ በአንዴ ከተለወጠባቸው አይችሉትም። ... አራት ወር? ብቻሽን?»

«ልነግርህ ፈራሁ። ሥራውንም ልለቅ ነው። ሰው ዝም ብሎ የማይረባ ምግብ እየበላልኝ...»

«ማነው የማይረባ ያለው? ምግብሽ እኮ አልተለወጠም!»

«ለኔ ብለህ ነው። ሁላችሁም ለኔ ብላችሁ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ስሚኝ! ባውቅ ኖሮ ጀሪካኖቹ ላይ አልጽፍም ነበር?»

ሚዛን ወደ ሁለቱ ጀሪካኖች ዞረች። ይህ ሰው፣ ለነዚያ ዓሦች ሲል አምስት ሳምንት ባዶ ውሃ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ምላሷን ለአፍታ ቢጠራጠር ሙሽሮቹን ለሁለት ጀሪካን ትቶ አይሄድም ነበር። አራት ወር ጠዋትና ማታ ከእጇ በልቶ ምንም አላወቀም።

«ሰው ሁሉ የሚለው እጅሽ ይጣፍጣል ነው» አለ። «ምላስሽ ይጣፍጣል ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከዚያም ጆጓን አነሣች።

አራት ቀን ጠዋትና ማታ እየቀዳች አወጣች፣ እየለካች ጨመረች። በሦስተኛው ቀን ሙሽራው ተነሥቶ ወደ ሙሽሪት ሄደ። ጽዳቷ በማግሥቱ በሯን ከፈተች። ጋሽ መፍቻ የእህቱን ሥራ ጨርሶ ሲመለስ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ገንዳው ላይ ተደፋ፤ ከዚያ ዞሮ ሚስቱን አቀፋት። ሳይለቃት ብዙ ቆየ።

ምሳ ሩዝ በአትክልት ነበር። ሚዛን ራሷ አልጎረሰችም፤ አፉን ታያለች።

«በናትህ እንዳትደብቀኝ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ምላሴ አንተ ነህ። ሥራ የምቀጥለውም እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ካለ ነው። ጨው እንዴት ነው?»

አኘከ። ዋጠ። ውሃ ጠጣ።

«ሩዙ ላይ በዝቷል።»

ክው አለች። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። «አላልኩም? ይኸው! ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጋባን ጀምሮ።»

«ምን?»

«ሾርባሽ እንከን የለውም፣ አትክልቱም እንደዚያው። ሩዝሽ ላይ ግን ሁልጊዜ ጨው ይበዛል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።»

የወደቀውን ማንኪያ አነሣች። ለማባበል የሚዋሽ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም፤ ይህን ከተናገረ የቀረውም ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ምን ይዞህ ዝም አልክ?»

ጋሽ መፍቻ ሩዙን እንደገና እየጎረሰ መለሰላት።

«ምላስሽን ፈርቼ ነዋ!»