አልወልቅ ያለ ቆዳ

ተሰቅሏል ጓንቱ በመስኮቱ ብረት ላይ… ቢጫ የላስቲክ ጓንት፣ ጣቶቹን ወደ መሬት አንዠርግጎ። አውራ ጣቱ ላይ ቁራጭ ቆዳ ተለጥፋበታለች። ስስ ናት፣ ግራጫ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የምትመስል። የአየር ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ትርገበገባለች። ግን አትወድቅም።

ይቀፈኛል።

ይቀፈኛል እባቡ። ይቀፈኛል ሽታው። ይቀፈኛል መስታወቱ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያየኝ ዓይን… አሁንስ የሚያይ ከሆነ ነው።

አባቴ ነው ያመጣው። ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ከቆመ ፉርጎ ሥር አንስቶ፣ በምሳ ዕቃው ከድኖ። መርዝ የለውም አለን። ስሙ ባቡር ነው አለን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ወይ እሱ ወይ እኔ!" እያለች ስትዝት ዓመታት አለፉ። እሷ ሄደች፣ እሱ ቀረ።

አባቴም ወደቀ። ስትሮኩ ቀኝ ጎኑን ወሰደው፣ ከአንደበቱም አብዛኛውን።

አጥበዋለሁ እንግዲህ። ጓንቱን አጠልቃለሁ… ፊቴን አዞራለሁ… አጥበዋለሁ። የጀርባው ቆዳ ይላጣል፣ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ አንሶላው ላይ ይረግፋል። ሽታ አለው የተኛ ሰው ገላ። አባቴ ነው። እወደዋለሁ። ይቀፈኛል።

እሱ የሚያየው ግን እኔን አይደለም፣ ሳጥኑን ነው። ባቡር ሲሳብ የአባቴ ዓይን አብሮት ይሳባል። ባቡር አይጡን ሲውጥ፣ አባቴም አፉን ይከፍትልኛል፣ አጥሚቱን በማንኪያ አጎርሰዋለሁ። እንዲህ ነበር ኑሯችን… አባቴ፣ እኔ፣ እና ያ የሚቀፍ ነገር።

ግንቦት ገባ።

ደረቀ አየሩ፣ ደረቀ ግድግዳው፣ ደረቀ የሰው ከንፈር። ማራገቢያውን ቀን ከሌት ለቀቅኩት፣ ነፋሱ ለአልጋውም ለሳጥኑም ይደርሳል። የባቡር ቆዳ ደበዘዘ፣ ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ይሄንንስ አውቀዋለሁ። ቆዳውን ሊገፍ ሲል ድሮም እንዲህ ይሆን ነበር። አባቴ እርጥብ ጆንያ ሳጥኑ ውስጥ ያኖርለታል፣ ቆዳው ከአፍንጫው ጀምሮ ይወጣል፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ፣ ሙሉውን። አባቴ አንስቶ ለጎረቤት ያሳይ ነበር።

ጆንያውን እኔ ጣልኩት። ሻጋታ ሸተተኝ።

ዘንድሮ አልወጣም ቆዳው። ተሰነጠቀ… ተቀደደ… ቀረ። አንገቱ ላይ እንደ ፋሻ ተጠመጠመ፣ ጭራው ጫፍ ላይ ጠብቆ አሠረው፣ ዓይኖቹ ላይ ተለጠፈ። ባቡር ታወረ። አይጡ አፍንጫው ሥር ሲመላለስ ዝም አለው።

አባቴም አፉን ገጠመ።

"አባዬ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።" ጥርሱን ነከሰ። በማግስቱም ነከሰ። ልታየው የመጣችው ሐኪም ወደ በሩ ይዛኝ ወጣችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በዚህ አቅሙ ካልበላ አይቆይም፣ ትርሲት። እወቂው" አለችኝ።

አባቴ እንዲበላ እባቡ መብላት አለበት። እባቡ እንዲበላ ማየት አለበት። እንዲያይ ደግሞ… እኔ መንካት አለብኝ።

ጓንቱን አጠለቅኩ። ፊቴን አዞርኩ። ጎተትኩ። ቁራጭ ብቻ ተቀደደና አውራ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፣ ከሥሩ ቅርፊቱ ደም አዘለ። ጓንቱን አውልቄ መስኮቱ ብረት ላይ ወረወርኩት። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፣ እሱን ያልነካውን እጄን።

ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከደጃፉ ሳያልፉ ቆሙ። "አቦ ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ፀጉርሽ ሲደርቅ ምን ትቀቢዋለሽ? ቅቤ ነዋ!"

ልክ መሰለኝ። በእናቴ ቤት ለደረቀ ፀጉር፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሕፃን ገላ፣ ለሁሉም መድኃኒቱ ቅቤ ነበር። ጓንቱን መልሼ አጠለቅኩ። ፊቴን አዞርኩ። ለጋ ቅቤ ከራሱ እስከ ጭራው ለቀለቅኩት።

ቀለጠ ቅቤው። ተንጠባጠበ። ከሳጥኑ አሸዋ ጋር ተለወሰ፣ በድሬ ሙቀት ሸተተ። ከሰዓት በኋላ ጉንዳን መጣ… በመስኮቱ ብረት፣ በግድግዳው፣ በሳጥኑ ጠርዝ፣ ወደ ቆዳው ስንጥቅ፣ ወደማያዩት ዓይኖች። እጅ የለው አያራግፍ፣ እግር የለው አይሸሽ። ዝም ብሎ ይተጣጠፋል።

ዘገነነኝ። ሮጬ ጓሮ ወጣሁና አስመለሰኝ።

ስመለስ አባቴ ያለቅሳል። ድምፅ የለውም ለቅሶው። ግራ እጁን አነሳና አልጋው ሥር ያለውን ሳፋ፣ የራሱን መታጠቢያ ሳፋ፣ አመለከተኝ። "ለሱ… ለብ ያለ… ውሃ" አለ። ቃላቱ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ነው የወጡት። ከዚያ መልሼ ያጠለቅኩትን ጓንት አየ። "እሱን… አውልቂ።"

አወለቅኩ።

በባዶ እጄ አነሳሁት። ቀዝቃዛ ይሆናል ስል ለብ ያለ ነው። እጄ ውስጥ ይላወሳል፣ ጡንቻው መዳፌን ይገፋል። ይቀፈኛል… ውሃው ላይ ቅቤው ተንሳፈፈ። ይቀፈኛል… ጉንዳኑ ተንሳፈፈ። ይቀፈኛል… ቆዳው ረጠበ፣ አበጠ፣ ላላ። በጓንት ያላገኘሁትን ጠርዝ ጣቴ አገኘው። ከአንገቱ ፈታሁት። ከጭራው ፈታሁት። ዓይኖቹ ቀሩ።

አባቴ ትንፋሹን ያዘ።

ጥፍሬን ሳላስነካ፣ በረጠበ ጥጥ፣ በቀስታ… በቀስታ… የአንዱ ዓይን ሽፋን ወጣች፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጥጡ ላይ ቀረች። ሁለተኛዋም ወጣች። ጥቁር፣ የጠራ ዓይን አየኝ። ምላሱን አወጣና የእጄን አንጓ ነካ።

"ኡ!" ብዬ ጮህኩ። አባቴ ሳቀ። ከወደቀ ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ባቡር አይጡን ዋጠ። አባቴ አፉን ከፈተ። አጥሚቱን እስከ ሳህኑ ሥር ጠጣልኝ፣ አገጩ ላይ የፈሰሰውን እየጠረግኩ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ውሃ አሞቅኩ። ሳፋውን አጥቤ አቀረብኩ። እንደ ልማዴ ጓንቱን ከመስኮቱ ብረት አወረድኩ፣ አጠለቅኩ፣ ፊቴን አዞርኩ።

የሆነ ነገር ጓንቱን ያዘኝ። የአባቴ ግራ እጅ ነው። የጓንቱን ጣት ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ አይወልቅም። ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

"እኔስ?" አለ።



አወለቅኩት። እጄ አልቦት ኖሮ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወጣ፣ ሙሉውን። ባዶ መዳፌን ጀርባው ላይ አደረግኩ። ቅርፊቱ ከሥሩ ተንሸራተተ፣ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ይቀፈኛል። አልዋሽም፣ አሁንም ይቀፈኛል… ፊቴን ግን አላዞርኩም። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

ተሰቅሏል ጓንቱ በመስኮቱ ብረት ላይ፣ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ። ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ይወዛወዛል። እስካሁን አላወረድኩትም።