አንዴ የተነካ ቁልፍ

ሰፈርተኛው «ተማሪዋ» ይላታል። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ደብተር ገዝታ፣ ትንንሾቹ ልጆች ሲወጡ እነሱ በተነሱበት አጭር ወንበር ላይ መቀመጥ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቷ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያሳየች «እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት። እሷም የምታውቃትን አንዲት ቃል ለቅማ «ውሃ ሊጠፋ ነው፤ ሌላ ምን ሊሉን ይጽፋሉ» ብላ አሳቀቻት። እውነትም ውሃው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዋ ማንበብ ቻለች ተባለ። ወሬው ሴት ልጇ ጆሮ ሲደርስ ልጅቷ በደስታ አቀፈቻት። እናትየዋም ይህን ደስታ እንዴት ልንካው ብላ ሳታርማት ቀረች።

እውነቱን የሚያውቀው ስልኳ ብቻ ነበር። መልእክት ሲመጣ ድምፅ አውጥቶ ያነብላታል፤ የሚደውለውንም ሰው በስሙ ይጠራላታል። ልጇ የዛሬ ሦስት ዓመት ከስልኩ ሆድ ውስጥ ፈልጋ፣ ቁልፉን አንዴ ነክታ ነው ያበራችላት። ልጅቷ ስልኩን በሚሠራው ፋብሪካ መሐንዲስ ናት። ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎማው ተንሸራተተ፣ ፀሐይ ስትበረታ እንቅልፍ ጣለው እያለች የምትውለው እናት፣ ስልኩ «እማዬ፣ ደርሻለሁ» ሲላት ብቻ ነው ትንፋሿ የሚመለሰው።

በፋብሪካው አንድ ልማድ አለ። አዲስ ስልክ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መሐንዲሶቹ አንዳንድ ወደየቤታቸው ወስደው ቤተሰባቸውን ለአንድ ሳምንት ያስይዛሉ። ልጅቷም አዲሱን አመጣች፤ ቀጭን፣ እንደ ቅጠል የቀለለ። ሲም ካርዱን ከአሮጌው አውጥታ ከተተችላትና በዓለም ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት አንቺ ነሽ አለቻት።

አዲሱ ስልክ መልእክት ሲመጣለት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይናገርም። እናትየዋ ድምፁ የት ሄደ ልትል አፏ ላይ ደረሰ። ግን ድምፁን መጠየቅ ማንበብ አልችልም ማለት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባትና «ግሩም ነው» አለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልብስ እያሰጣች ስልኩ ተንቀጠቀጠ። እጇን አደራርቃ፣ መነጽሯን አድርጋ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ከፊደል ፊደል በጣቷ እየተሻገረች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ መስመር ጨረሰች፤ «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ደግማ አነበበችው። ልጇ የጻፈውን በገዛ ዓይኗ ስታነብ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ከስሩ ሌላ ሦስት መስመር ነበር። ያው ለጎረቤት የተላከ ሰላምታ ይሆናል፣ ማታ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ ብላ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አኖረችው። የቀረውን ልብስ እያንጎራጎረች አሰጣች።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ከሥራ ገባች። የእሷ ስልክ በፋብሪካው ሕግ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል። የእናቷን ስልክ አንስታ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። «ፍሬን እምቢ ብሎኝ ቁልቁለት ላይ ቆሜያለሁ» ይላል ሁለተኛው መስመር። አለቃው ስልክ እንደማያነሳ፣ የእሱም ስልክ ሊዘጋ እንደሆነ፣ እናቱ ቢሮው ድረስ ሄዳ መካኒክ እንዲላክለት እንድትነግር ይለምናል።

ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወደ ቢሮው ሮጠች። አለቃውና መካኒኩ ሹፌሩን ያገኙት ከአሥር ሰዓት ቆይታ በኋላ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ደርድሮ፣ ሸሚዙን እያውለበለበ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲያስጠነቅቅ ነው። በአለቃው ስልክ ለእናቱ ደወለ። ሲያውለበልብ ውሎ ባንዲራ መምሰሉን ነግሯት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቆረጠና «እማ፣ መልእክቴን አላየሽውም?» አላት።

ስልኩ ሲዘጋ ልጅቷ ከፊቷ ተቀመጠች።

«ደህና ነኝ ይላል» አለች እናትየዋ። «እዚያ ላይ ደከመኝ። አሮጌው ቢሆን ደከመኝ አይልም፣ እስከ መጨረሻው ያነብልኝ ነበር። ድምፁን ምን አደረጋችሁት?»

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የስልክ ሆድ ጠባብ ነው፤ ባትሪው ይተልቅ ሲባል አንድ ነገር ይወጣል። ትንሿ ወጪም በሚሊዮን ስልክ ስትባዛ ተራራ ትሆናለች። ድምፅ የፈለገ ደግሞ ውዱን ይግዛ ተብሎ እዚያኛው ላይ ብቻ ቀርቷል። ይህን ስትናገር ዓይኗን ሰበረች። ከርካሹ ይውጣ ብላ ያቀረበችው ራሷ ናት። ሰው የትኛውን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሚነካ ስልኮቹ ይቆጥራሉ፤ የድምፁን የሚነካው ከመቶ ሁለት ሰው አይሞላም። በዚያ ጥናት የክፍል ኃላፊነት ሊሰጣት ነው።

«ማንበብ የማይችል ሰው ነው ውዱን የሚገዛው?» አለች እናትየዋ። ቆይታም፣ «እኔ ስንት ጊዜ ነካሁት?»

«አንዴ። እሱንም እኔ ነኝ የነካሁልሽ።»

«ሦስት ዓመት ሲያነብልኝ የኖረውስ?»

«እሱ አይቆጠርም።»

«የሚያበራ የሚያጠፋው እኮ ሊሞክረው የፈለገ ሰው ነው። እኔ እንደ ዓይኔ ነው የያዝኩት። ዓይኑን በየቀኑ የሚያበራ ማን አለ?»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሲነጋ ቁጥሩ ስህተት ነው ብላ ለአለቆቿ ልትነግር ቆረጠች፤ ግን ብቻዋን ከገባች አያምኗትም። «ትመጪያለሽ?» አለቻት።

«ሹመትሽስ?»

«ተይው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር። እናትየዋ ሌሊቱን የልጇን እንጀራ በገዛ አፏ ልትቆርጥ እንደሆነ ስታስብ አደረች።

የፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው መዝገብ አቀረበላት፤ ስምና የመጡበት ጉዳይ። ልጅቷ እስክሪብቶውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እናትየዋ ቀደመቻት። ስሟን ጻፈች። ጉዳይ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች «ማንበብ አልችልም» ብላ ጻፈች።

ዘበኛው አነበበና ቀና ብሎ አያት። «እማማ፣ ይኸው ጽፈውት የለም እንዴ» አለ እየሳቀ። «በሉ ስልክዎን ሳጥን ውስጥ ያስገቡ።»

ልታስገባው ስትል እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሹፌሩ ነው፤ ያን መኪና አስጠግኖ ዛሬ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ልጅቷ እንዳታነብላት በዓይኗ ከለከለቻት። መነጽሯን አወጣች፣ ከሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ አለች። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። አላመነችውም። ጣቷን ወደ ሁለተኛው አወረደች።