ከጠረጴዛው አጠገብ የታሰረው አቦሸማኔ

ሲስተር ወለላ ለባሏ ለሻለቃ ተክሉ የማዕረግ ዕድገት ሆቴል ውስጥ በተደገሰው ምሳ ላይ የቀረበላትን ቁርጥ አልነካችውም። ሰው ሁሉ ይጎርሳል፣ ይስቃል፤ እሷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። ከጀርባዋ የሽንትና የበሰበሰ ሳንባ ሽታ ይመጣል።

የሆቴሉ ባለቤት አቶ አክሊል ግቢው ውስጥ፣ ከእንግዶቹ ወንበር እምብዛም ሳይርቅ፣ በሽቦ አጥር የከለለውን አቦሸማኔ ያሳያል። ገና ግልገል ሳለ ድንበር ሊያሻግሩት ከነበሩ ሰዎች ገዛው ይባላል። ነገሌ የመጣ እንግዳ እሱን ሳያይ፣ ፎቶ ሳይነሳ አይሄድም።

"ምነው ሲስተር፣ ሥጋው አልጣመሽም? በይ እንግዲያው የኛን ጌታ እዪው" አላት አክሊል።

ተነስታ ሄደች። አቦሸማኔው አንድ ጥግ ብቻ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የረገጠው መሬት ከኩሱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። ጅራቱ ጫፉ ላይ ፀጉር የለውም፣ ዝንብ የወረረው ቁስል ነው። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተጣመዋል። ወለላ እንዲህ ያለ እግር ታውቃለች፤ ክሊኒክ ውስጥ አጥንታቸው የላላ ሕፃናትን ስትመረምር ኖራለች።

"ምን ታበሉታላችሁ?"

"ከጠረጴዛ የተረፈውን። ሳንባ፣ ጨጓራ፣ ሲጠፋ እንጀራ በወጥ።"

"አጥንትስ?"

"አጥንቱን ውሾቹ ይወስዱታል።"

"ጅራቱ ምን ሆኖ ነው?"

"ራሱ ነው የሚያኝከው። አመል ነው።"

በዚህ መሃል አንድ ሞቅ ያለው እንግዳ መጥቶ ቢራውን አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ደፋ። አቦሸማኔው ጠምቶት ኖሮ ላሰው። ከዚያ እንደ ጫጩት ጭው ጭው አለ፤ ተሰብሳቢው በሳቅ ፈረሰ። ተክሉም ሳቀ። ወለላ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። ተመልሳ ፎቶ አነሳችውና ሳትሰናበት ወጣች።

ማታ ተክሉ ተቆጣ። "አክሊል ወዳጄ ነው። በአውሬ ምክንያት ከሰው አታጣይኝ።"

"ሰው እየበላ ከጎኑ እንስሳ ይበሰብሳል፣ ተክሉ። እንዴት በጉሮሮህ ወረደልህ?"

ተክሉ መብራቱን አጥፍቶ ተኛ።

ሰኞ ወደ ዱር እንስሳት ቢሮ ሄደች። ባለሙያው ቦናያ ይባላል፤ ሚስቱን ወለላ ናት ያዋለደቻት።

"አካም ሲስተር፣ ናጋ?" ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት።

"ናጋ ነው ቦናያ። የሆቴሉን አቦሸማኔ ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

ፈገግ አለ። "እሱንማ እናውቀዋለን። እኔም ልጄን ከሱ ጋር ፎቶ አስነስቻታለሁ።" ስልኩን ከፍቶ አሳያት። ትንሿ ልጁ ሽቦውን ይዛለች፤ ከኋላዋ አቦሸማኔው ቆሟል።

"ይሄ መቼ ነው?"

"አምና፣ ለበዓል።"

ወለላ የራሷን ስልክ ከሱ አጠገብ አስቀመጠች። "እግሩን እየው።"

ቦናያ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። በአምናው ፎቶ እግሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"ዋቃ፣ አምላኬ" አለ በቀስታ። "ልጄን አቅፌ አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ ግን ዞሬ አላየሁትም።" ያንኑ ቀን ሁለቱንም ፎቶ ለአለቆቹ ላከ።

ከሳምንታት በኋላ የእንስሳት ሐኪም ያለበት መኪና ከአዲስ አበባ መጣ። አክሊል በሩ ላይ ቆሞ ወለላን፣ "ከቤቴ በልተሽ ቤቴን አፈረስሽ" አላት። ሕዝቡ ስልኩን አውጥቶ ሽቦው ላይ ተንጠለጠለ፤ አንዱ ሐኪሙን፣ "ሳታስተኛው አንዴ ጎኑ ልቁም" ብሎ ለመነው። ወለላ ፊቷን አዞረች። በማደንዘዣ የተኛውን እንስሳ በሣጥን አድርገው ሲያነሱት አጥሩን ዙሪያውን የከበበው ሰው አላሳልፍ አለ። ያን ጊዜ ተክሉ፣ መምጣቱን ሳታውቅ፣ ከነዩኒፎርሙ ሰውን ገፋ አድርጎ ገባና የሣጥኑን አንድ ጫፍ ያዘ።

"አንተም?" አለው አክሊል።

ተክሉ ሣጥኑን እስከ መኪናው ተሸከመ።

ሐኪሙ እንደነገራቸው አቦሸማኔው በሕይወት ይኖራል፤ ሮጦ ግን አያድንም፣ ዱርም አይመለስም። አክሊልና ተክሉ ዛሬም በመንገድ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም። በሰፈሩ የመኮንኖች ሚስቶች ወለላን የከተማውን ጌጥ አስወሰደች እያሉ ያሟታል። እሷም ትሰማለች፤ ለማስተባበል ግን አንድም ቀን ደክማ አታውቅም።