ሠላሳ ስምንት ደቂቃ

ሾፌሩን የሥራ ጓደኞቹ «ደቂቃ» ይሉታል። የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አርፍዶ የደረሰበት ቀን ቢፈለግ አይገኝም። የመንገዱን ርዝመት በኪሎ ሜትር ብትጠይቁት አያውቅም፤ በደቂቃ ጠይቁት፣ ፌርማታ በፌርማታ ይዘረግፍላችኋል። እንግዲህ ይኼ ሰው ነው ቤት መምረጥ አቅቶት ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ ያለው።

የሚኖሩበትን ቤት አከራያቸው ለልጃቸው ስለፈለጉት ወሩ ሳያልቅ መልቀቅ ነበረባቸው። የተገኙት ቤቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ጀርባ ነው፤ ሰፊ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ በመስኮቱ ትልቅ ዛፍ የሚታይበት። ሁለተኛው ሚስቱ ከምትሠራበት ሆስፒታል አጥር ሥር ነው፤ ጠባብ ነው፣ ከጎኑም ቀኑን ሙሉ ብረት የሚበየድበት ግቢ አለ። ማደሪያውና ሆስፒታሉ ከከተማው ዳርና ዳር ናቸው። ለአንዱ የተመቸው ቤት ሌላውን ያንከራትታል።

ሚስቱ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ደም ትቀዳለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሯ ላይ መገኘት አለባት፤ በባዶ ሆዳቸው የመጡ ሕመምተኞች ቀድመው ተሰልፈው ይጠብቋታል። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ አርፍዳ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብላለች። ሦስተኛው የስንብት ነው። ደብዳቤዎቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛቸው ትዞራለች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

እሱ ደግሞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያወጣል። ለዚህ ሲል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ በእግሩ ይጓዛል። ወደ ሆስፒታሉ ሰፈር ከገቡ ስምንት ሰዓት ላይ መነሣቱ ነው። ይህን ለሚስቱ ነግሯታል። ያልነገራት ግን አለ። ከሁለት ወር በፊት ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ጣለው። እግሩ ከፍሬኑ ተንሸራቶ፣ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ ብንን ቢል፣ አውቶቡሱ ከፊት ያለችውን ትንሽ መኪና ሊነካት አንድ ክንድ ቀርቶታል። ከተሳፋሪው ያወቀ የለም። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ መብራት ቀይ በሆነ ቁጥር መዳፉን ላብ ያጠምቀዋል።

«ከማደሪያው እስከ ሆስፒታሉ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው» አላት አንድ ምሽት።

«በምን አወቅህ?»

«በምን አወቅህ ትለኛለች! የሚነዳው ማን ሆነና?»

«አንተማ ወንበርህ ላይ ተደላድለህ ነው የምትጀምረው። እኔ ፌርማታ ቆሜ ነው።»

«ብትቆሚ አምስት ደቂቃ። ይብዛ ካልሽ ስድስት።»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» አለችው። «መስኮቱ ነው ያሰከረህ። ስማኝ፤ ረቡዕ እረፍትህ አይደል? እንደ እኔ ሆነህ ሂድ። መታወቂያህን ደብቀህ፣ ትኬት ቆርጠህ፣ ከቤቱ በር እስከ ላቦራቶሪው በር። የመጣውን ቁጥር እቀበላለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ከማደሪያው ጀርባ ካለው ባዶ ቤት በር ተነሣ። ፌርማታው ቅርብ ነው፤ ችግሩ አውቶቡሱ የሚነሣው ከዚያ ሦስት ፌርማታ ወደ ኋላ ካለው ገበያ ነው። የመጀመሪያው መጣ፤ ጢም ብሏል። ሾፌሩ መዳፉን ከፍ አድርጎ ሁለቴ አወዛውዞ አለፈ። «ሞልቷል» ማለት ነው። እሱ ራሱ ይህን ምልክት በቀን ስንቴ እንደሚያሳይ ቆጥሮት አያውቅም፤ ከታች ሆኖ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነው። አጠገቡ የቆመች ነፍሰ ጡር ሴት «ያልፍልሃል፣ ሂድ!» ብላ አጉረመረመች። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሰዓቱን አየ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኗል።

ሦስተኛውን የሚነዳው ባልደረባው ነበር፤ መንገድ ላይ ጥሩምባ ስለሚያበዛ ስሙም «ጥሩምባ» ሆኖ ቀርቷል። ጥሩምባ አውቶቡሱን ከፌርማታው አሳልፎ አቆመና የፊቱን በር ለእሱ ብቻ ከፈተ። ሰዉ ሮጠ፤ በሩ ተዘጋ። የነፍሰ ጡሯ መዳፍ በሩን ሲመታ ሰማ። አንገቱን ደፍቶ ቆመ እንጂ አልወረደም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰዓቱን እንደ አዲስ ቆጠረ።

ሚስቱ አንድ እጇ ላይ ጓንት እንዳጠለቀች ወደ ላቦራቶሪው በር ወጣች። «ስንት?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሠላሳ ስምንት» አላት።

«ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አንድ ከሃያ ሁለት።»

ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እሺ። መስኮት ያለውን እንይዛለን» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ከበደው። ዕቃ አጓጉዘው ገቡ፤ እሱም እስከ አሥር ሰዓት ይተኛ ጀመር። ሰውነቱ ታደሰ፣ ሐሳቡ ግን አልተኛም። ሚስቱ ለዕቃ ማጓጓዣ የወሰደችው ፈቃድ ሊያልቅ ቀን በቀነሰ ቁጥር እሱ ከማዕዱ ቶሎ ይነሣል። እውነቱን ሊነግራት አፉን ይከፍትና ስለ መጋረጃ ያወራል።

ሰኞ ደረሰ። እሱ የሚነዳው አውቶቡስ ከገበያው ሲነሣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ በሩ የተዘጋው በግድ ነበር። ወደ አዲሱ ቤታቸው ፌርማታ ሲቃረብ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ሚስቱ ቆማለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ቢያቆም በሩን ከፍቶ መዝጋት አይችልም፤ በሩ ያልተዘጋ አውቶቡስ ደግሞ አይነዳም። ይህን እያሰበ ሳለ መዳፉ በልማድ ከፍ ብሎ ነበር።

እሷም እጇን አነሣች። አቁም ያለችው መስሎት ነበር። እሷ ግን እጇን ወደ ፊት ወርወር አደረገች፤ ሂድ፣ ሂድ ትለዋለች።

አለፋት። በመስታወቱ ሲያይ፣ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጥታ የሚቀጥለውን ትመለከታለች።

ያ ቀን አልመሽ አለ። መሪ ይዞ ስልክ ማንሣት ክልክል ነው፤ እሷም ስልኳን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምትሠራው። በሆስፒታሉ በር ባለፈ ቁጥር አጥሩን ያያል፤ ዕቃዋን በላስቲክ ይዛ ስትወጣ የሚያያት ይመስለዋል። ደወል ተደውሎለት አንድ ፌርማታ ዘለለ፤ ሰዉ ጮኸበት። ማታ ተቆጣጣሪው መዝገቡን እያየ «ደቂቃ ዛሬ አራት ደቂቃ ዘገየ! ዓለም ልታልፍ ነው» ብሎ ሳቀ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች።

«ስንት ሰዓት ገባሽ?» አላት፣ ኮቱን ሳያወልቅ።

«ለሁለት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ። ያለፍከኝ ሦስተኛው ነህ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ዋሽቼሻለሁ። ፌርማታው ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆሜያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ገና በሩ ላይ ሳይህ ገብቶኛል። በማግስቱ ደግሞ ጥሩምባ ለምርመራ መጣ፤ ‹ባልሽን እኔ ባላነሣው እስካሁን እዚያው ተተክሎ ነበር› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«ማንኪያ ይዘህ ታንቀላፋለህ። ባለፈው የጫማህን ክር እያሰርክ ተኛህ» አለችው። «እኔ ብባረር ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አንተ መሪ ይዘህ ብታሸልብ ግን ከኋላህ ስልሳ ሰው አለ።»

ያኔ የቀይ መብራቱን ነገር ነገራት። አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ሲጨርስ ያለቅስ ነበር። እሷ እግሯን ማሸት አቆመች።

«መቼ ነው?»

«ከሁለት ወር በፊት።»

«ሁለት ወር ሙሉ!» አለች። «እኔ እኮ በሁለት ደብዳቤ ነው ያበድኩት። ለእኔ ካልነገርክ ለማን ልትነግር ነበር?» ኋላ ተነሥታ የደወል ሰዓቱን አነሣች። «በስንት ትነሣለህ?»

«አሥር ሰዓት።»

«እኔም አሥር ሰዓት። ከአንተ ጋር በመጀመሪያው እሄዳለሁ።»

«ከሥራሽ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የሕመምተኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አርፍደሻል የሚለኝ አይኖርም።»

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ከማደሪያው በወጣው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀመጠች። ገበያው ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት። ያ ቀይ መብራት ያዛቸው። መዳፉ እንደ ልማዱ አላበውም፤ ሌሊቱን በደንብ ተኝቶ አድሯል። በመስታወቱ አያት፤ አፏ ገርበብ ብሎ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ለእሱ ብላ ያጣችውን እንቅልፍ መስኮት ላይ ተደግፋ ትለቅመዋለች። መብራቱ ሲለወጥ ጭንቅላቷ ከመስኮቱ እንዳይጋጭ አውቶቡሱን ቀስ ብሎ አስነሣ።

ሆስፒታሉ ጋ ደርሶ አቆመ፤ የሚወርደው ወረደ፤ እሷ አልነቃችም። እጁን ዘርግቶ ሊቀሰቅሳት ነበር፤ መለሰው። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ሆነ።

«ሾፌር፣ ምን እየጠበቅህ ነው?» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

ደቂቃ ሰዓቱን አየ። ሦስተኛዋም እስክታልቅ ጠበቀ፣ ከዚያ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።