ራቢያ የአባቷን ቤት ልትገዛ ስትነሳ

ራቢያ ባንኩ የቤት መግዣ ጥያቄዋን እንዳልተቀበለው የሰማች ዕለት ለባሏ ለዘካሪያ ትንፍሽ አላለችም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል ስትሠራ የኖረች፣ በቀላሉ የማትደነግጥ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ መግባት አቃታትና ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሙቀቱ ወደ ኋላ እየቀረ፣ ብርዱ በመስኮቱ ሽው ይል ጀመር። ልጅ ሳለች እዚህ ዳገት ላይ ሲደርሱ አባቷ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ከጎናቸው ሽጉጥ ያደርጓት ነበር።

ሰኞ ገበያ ወረደችና እየተገፋች እየገፋች ሄዳ፣ ልትገዛው ያሰበችውን ቤት ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየችው። የተወለደችው እዚያ ነው። አባቷ ሼህ ሀምዱ በፊተኛዋ ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። ጠዋት የምትነቃው በስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ሐሙስ ማታ ጎረቤቱ ተሰብስቦ መንዙማ ሲል፣ እሷ በተቆለለው ጨርቅ ላይ ተጠቅልላ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ማን አንሥቶ አልጋዋ ላይ እንዳስተኛት ሳታውቅ ይነጋል። እናቷ ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተመላለሱ ጊዜ ያ ቤት ለማሳከሚያ ተሸጠ። የገዙት አቶ አራጋው የሚባሉ መምህር ናቸው። ዕቃው ሲወጣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ራቢያ ግን ያንን አቋቋማቸውን በሆዷ ይዛ አደገች።

አሁን አቶ አራጋው አርጅተዋል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ልትወስዳቸው ስለሆነ ቤቱን ሊሸጡት ነው። ለደላላ ከመንገራቸው በፊት ራቢያን አፈላልገው አስጠሯት።

«የአባትሽ ቤት ነው» አሏት። «ሌላ ሰው ከመግባቱ በፊት አንቺ አልፈልግም ማለት አለብሽ።»

ባልና ሚስቱ ያጠራቀሙት ነበራቸው፤ ግን አልሞላም። ስለዚህ ከወለድ ነፃ ወደሚያስተናግደው የባንክ መስኮት ሄዱ። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ መልሶ ይሸጥላቸዋል። እንግዲህ እንቢ የተባለችው ይህንን ነው።

ነገሩን በመጨረሻ ለዘካሪያ ስትነግረው አልከፋውም። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ የሚያመላልስ፣ ሆደ ሰፊ ሰው ነው። «አብሽሪ፣ አላህ ያላለው ነገር ነው» አለና ሌላ ባንክ እንሞክር የሚል ሐሳብ አመጣ። እሷ ግን ለምን እንደተከለከለች ሳታውቅ ሌላ በር ማንኳኳት አልዋጥልሽ አላት። ተመልሳ ሄደች።

ያነጋገረቻት ቢልቂስ የምትባል የባንኩ ሠራተኛ ናት። ሰው እንቢ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል እንጂ ምክንያቱን ብሎ የሚመለስ ጥቂት ነው ብላ ወንበር ሰጠቻት። አንደኛው ችግር ዘካሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ይገባል፤ ገንዘቡ ግን ከኪሱ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ገበያ ይሄዳል እንጂ የባንክ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ባንኩ የሚያየው የራቢያን ደመወዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። ራቢያ ከዓመታት በፊት ኡሙሰልማ የምትባል ጓደኛዋ ከአንድ ብድር ተቋም ስትበደር ዋስ ሆና ፈርማ ነበር፤ የኡሙሰልማ ብድር ሳይከፈል ቆሟል። ቢልቂስ በየባንኩ ከመዞር ይልቅ እነዚህን ሁለቱን አስተካክላ፣ የቅድሚያ ክፍያዋንም ትንሽ ጨምራ እንድትመለስ መከረቻት።

 ራቢያና ኡሙሰልማ በልጅነታቸው በአንድ ቀን ፋብሪካ የገቡ ናቸው። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ እየተኙ፣ አንዷ የቀን ፈረቃ ስትሆን ሌላዋ የሌሊት፣ እየተላለፉ ኖረዋል። የምትወጣው ለምትገባው ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ትሄድ ነበር። ያ ጊዜ ድካሙ ጠፍቶ ሳቁ ብቻ ነው ትዝ የሚላት። ጦርነቱ ከተማዋ በደረሰ ጊዜ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሲከፈት ራቢያ ተጠራች፣ ኡሙሰልማ አልተጠራችም። ወደ ሐርቡ ወረደች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይነሣም።

ራቢያ ሐርቡ ሄደች። መንገድ ዳር ሽንኩርትና ፓፓያ ዘርግታ አገኘቻት። ኡሙሰልማ ቀና ብላ ስታያት የሻሿን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳበች። ሰላምታ ተለዋወጡ። ራቢያ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ንግግር ነበራት፤ ከአፏ ግን ሌላ ወጣ።

«ምነው ስልኬን አታነሺም? እኔን ነው ወይስ ዕዳውን ነው የሸሸሽው?»

«ዕዳው አንቺ ላይ እንዳለ እያወቅሁ ድምፅሽን ለመስማት አፈርኩ» አለች ኡሙሰልማ። «ወላሂ፣ አንቺን ያጣሁ ቀን ነው እንጂ ሥራዬን ያጣሁ ቀንስ እንዲህ አልከፋኝም።»

ራቢያ እዚያው የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ሁለቱም አለቀሱ። ስለ ቤቱ የነገረቻት ከዚያ በኋላ ነው። ኡሙሰልማ ሰኞ ገበያ ያለውን ቤት አይታው ባታውቅም፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ስለ ስፌት መኪናው ስንቴ ሰምታለች። በማግስቱ ሸቀጧን ለእህቷ ትታ ከራቢያ ጋር አበዳሪው ዘንድ ሄደች። ሐርቡ ውስጥ መሬት ያለው ወንድሟ በራቢያ ቦታ ዋስ ሆነላት፤ የቀረው ዕዳም ገበያዋ በሚችለው ልክ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማሙ።

የዘካሪያ ነገር ግን ትግል ነበር። በየማታው ገቢውን ባንክ ማስገባት የሰው ፊት እንደ ማየት ከበደው። ረሳሁ ይላል፤ ሲዘጋ ደረስኩ ይላል። ራቢያ አልጨቀጨቀችውም። አንድ አርብ ከሥራ ስትወጣ መናኸሪያ ጠበቀችውና አብረው ባንክ ገቡ፤ ሲወጡ ሻይ ጋበዘችው። እንደዚያ እያደረገች ለመደ። በኋላማ ለሌሎቹ ሾፌሮች መካሪ ሆኖ አረፈው።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ የቅድሚያ ክፍያውም በቁጠባ ሲሞላ፣ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። አቶ አራጋው ደላላ በመጣ ቁጥር ቤቱ ባለቤት አለው እያሉ ይመልሱ ነበር። ራቢያ ይህንን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ሰምታ ብዙ ቀን ከራሷ ጋር ተጣላች። ስትቀየማቸው የኖረችው ሰው በር ላይ ቆመው ቤቱን የሚጠብቁላት ሆኑ።

ቢልቂስ ተፈቅዷል ብላ የደወለችው በሐምሌ ዝናብ ነው። በርክክቡ ዕለት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። አቶ አራጋው ክፍል ለክፍል እያዞሩ አሳዩዋት፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን፣ መስኮቱ የሚንገጫገጨውን፣ ሁሉንም። በአባቷ ክፍል ግድግዳ ላይ የልጆቻቸው ቁመት በየዓመቱ የተለካበት የእርሳስ ምልክት አለ። ራቢያ ያንን ስታይ ቤቱ ከእሷ በኋላም የሌሎች ልጆች ቤት ሆኖ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። እንደ ድሮው አይደለም፤ የስፌት መኪናው ቦታ እንኳ ጠፍቷታል።

ሽማግሌው ዕቃቸውን አስረው ጨርሰዋል። ልጃቸው ግን መንገዱ በዝናብ ስለተበላሸ መምጣት አልቻለችም። እስከዚያ አልቤርጎ ልይዝ ነው አሏት።

«ጋሼ አራጋው፣ ከዚህ የት ይሄዳሉ?» አለች ራቢያ። «ክረምቱ እስኪወጣ ክፍልዎ ውስጥ ይቀመጡ። እኛም ለቤቱ እንግዳ ነን።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን ጾሙ፤ ራቢያ ሽሮ ለብቻ በንጹሕ ድስት ትሠራላቸው ነበር። ማታ ማታ ከዘካሪያ ጋር ተቀምጠው ስለ ጥንቱ ደሴ ያወጋሉ፤ ሼህ ሀምዱ በአንድ ወቅት ስለሰፉላቸው ኮትም ያነሣሉ። ራቢያ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።