የያለምዘውድ ትንፋሽ

ያለምዘውድ ሃምሳ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ከወገቧ በላይ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር ካለ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ትሠራለች፤ እሁድ እሁድ ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያኗ ከመዘምራኑ ፊት ቆማ ትዘምራለች። ባሕር ቤቷ የገባው በአንዲት ልጇ በሐሴት በኩል ነው።

ሐሴት የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ናት። በየዓመቱ ለወራት ጋላፓጎስ ወደሚባሉት ጥብቅ ደሴቶች ትሄዳለች። እዚያ ከውሃ በታች እየጠለቀች አውቶቡስ የሚያክለውን፣ ሰው የማይተናኮለውን ዌል ሻርክ የተባለ ዓሣ ፎቶ ታነሳለች። ስትመለስ እናቷ በአማርኛ ትጠይቃታለች፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

"እንዴት ነበር ልጄ?"

"ኢት ዋዝ አሜዚንግ፣ ማም።"

ከዚያ ወዲያ ወሬው ያልቃል። ያለምዘውድን ደግሞ ይህ ያንገበግባት ነበር። ልጇ የዓመቱን ግማሽ የምታሳልፍበትን ቦታ በሐሳቧ እንኳ ልትስለው አልቻለችም። አንድ ቀን ሐሴት ሻንጣዋን ስትዘጋ፣ "በሚቀጥለው እኔም እመጣለሁ፤ እጠልቃለሁ" አለቻት። ሐሴት ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

የጠለቃ ትምህርቱን የጀመረችው ሳን ሆዜ፣ አንድ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። አስተማሪዋ ዮሚፍ ይባላል፤ በሥራ ቀን ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር ወጣት። የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ይመስላል፦ ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኮ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው ማስክ ውስጥ ውሃ ማስገባት፣ ከዚያ በአፍንጫ ነፍቶ ማስወጣት። ያለምዘውድ ውሃው አፍንጫዋን ሲነካው በድንጋጤ ተፈናጥራ ወጣች፤ ዮሚፍን አንገቱን አንቃ ያዘችው። በሁለተኛው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው አብረዋት የጀመሩት ሁሉ አልፈው እሷ ብቻ ቀረች።

"እትዬ ያለም፣" አላት ዮሚፍ እንዳይከፋት እየተጠነቀቀ፣ "ከላይ ተንሳፍፎ ማየትም እኮ ይቻላል፤ እሱም ቆንጆ ነው።"

"ከላይ ሆኜ ለማየትማ ለምን እዚህ ድረስ በባርት ባቡር እመላለሳለሁ?"

ዮሚፍ ጥቂት አሰበና፣ "ሲዘምሩ ትንፋሽዎን የት ነው የሚይዙት?" አላት።

እጇን ከእምብርቷ በታች አደረገች።

"እንግዲያው ውሃ ውስጥም ከዚያው ይተንፍሱ። አይቸኩሉ፤ ዝም ብለው ይዘምሩ።"

ወረደች። ተንበረከከች። በልቧ አንድ ቀስ ያለ መዝሙር ጀመረች፤ ማስኳን ከፈት አድርጋ ውሃው ዓይኗ ድረስ እንዲገባ ተወችው። ልቧ ዘለለ፤ እሷ ግን መዝሙሩን አላቋረጠችም። ስንኙ ሲያልቅ በአፍንጫዋ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀች፤ ውሃው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ዮሚፍ ውሃ ውስጥ ሲያጨበጭብ አየችው። ወደ ላይ አልወጣችም። አራት ጊዜ ደገመችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አጥንት በሚሰብረው የሞንተሬይ ባሕር ቅዝቃዜ ስልሳ አንድ ጊዜ ጠለቀች። ዮሚፍ ነገሩን ያስተዋለው እዚያ ነው፤ ጎረምሶቹ የያዙትን አየር ጨርሰው ሲወጡ የሷ ሲሊንደር ግማሹ እንኳ አያልቅም። ሠላሳ ዓመት የዘመረች ሴት ትንፋሿን በከንቱ አታባክንም።

እናትና ልጅ በተመራማሪዎቹ መርከብ ጋላፓጎስ በደረሱ በሦስተኛው ቀን የሐሴት የጠለቃ ጓደኛ ብሩኪ ጆሮውን አመመው። ያለ ጓደኛ ደግሞ ማንም አይጠልቅም።

"እኔ እገባለኋ" አለች ያለምዘውድ።

"ማም፣ ዘ ከረንት ኢዝ ሶ ስትሮንግ" አለች ሐሴት፤ የውሃው ግፊት ኃይለኛ ነው ማለቷ ነበር።

"ስልሳ አንዴ ገብቼ ስልሳ አንዴ ወጥቻለሁ።"

የጠላቂዎቹ መሪ የጠለቃ መዝገቧን አገላብጦ አየና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ከታች ውሃው እንደ ጎርፍ ይገፋል። እናትና ልጅ፣ መሪውና ሌሎች ሁለት ጠላቂዎች፣ አምስቱም ጥቁሩን ዓለት ጨብጠው ዌል ሻርክ እስኪመጣ ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። ሁለቱ ጠላቂዎች አየራቸው እያለቀ መሆኑን በእጃቸው አሳዩ። መሪው ይዟቸው ከመውጣቱ በፊት፣ ቀድማ የምትጨርሰው አሮጊቷ ናት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ የያለምዘውድን የአየር መለኪያ ጎትቶ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ከልጇም የበለጠ አየር ነበራት። እናትና ልጅን እንዲቆዩ በምልክት ፈቅዶላቸው ወጣ።

በሰማያዊው ውሃ ውስጥ ጥላ መሰል ነገር ቀድማ ያየችው ያለምዘውድ ናት። የሐሴትን ክንድ ጨመቀች። ጥላው እያደገ፣ እየሰፋ መጣና ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ግዙፍ ጀርባ ሆነ። ሐሴት ዓለቱን ለቃ ካሜራዋን ደግና ወደ ሻርኩ ዋኘች፤ እናቷ ከኋላዋ ተከተለች። ሐሴት ካሜራው ላይ እንዳፈጠጠች፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ጅራት ዞሮ ወደሷ መጣ። ያለምዘውድ ልጇን በሲሊንደሯ ማንገቻ ይዛ ወደ ኋላ ሳበቻት። ጅራቱ በፊታቸው ቀዝፎ አለፈ።

ሻርኩ ወደ ጥልቁ ሲያዘቀዝቅ ሐሴት ልትከተለው አኮበኮበች። እናቷ ግን የልጇ አየር እያለቀ መሆኑን መለኪያው ላይ አይታለች። ፊቷ ዋኝታ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፦ ውጪ። ሐሴት ራሷን ወዘወዘች። ያለምዘውድ ጣቷን ሳታወርድ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሐሴት ታዘዘች።

ገና ከውሃው ብቅ እንዳሉ ሐሴት አፏ ላይ ያለውን ቧንቧ ተፍታ ጮኸች፦

"እማዬ! አየሽው? ዓይኑን አየሽው? ጅራቱ እኮ ሊጨርሰኝ ነበር! አንቺ ባትስቢኝ እኮ..."

በአማርኛ እየጮኸች መሆኑን ራሷም ልብ አላለችም። ያለምዘውድ ማዕበሉ እያነሳና እያወረዳት ሳቀች፤ ማስኳ በእንባ ይሙላ በባሕር አታውቅም።

የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ የተለየ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የነጠብጣቦቹን ፎቶ ከድሮዎቹ ጋር አስተያዩት። አንድም የሚመስለው አልተገኘም፤ ከዚያ በፊት ማንም መዝግቦት የማያውቅ አዲስ ሻርክ ነበር። መርከቧ በጩኸት ተናጋች። ብሩኪ እንኳ የሚያመውን ጆሮውን በእጁ ይዞ ጨፈረ። ሐሴት ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና፣ ቃል ሲጠፋት በእንግሊዝኛ እየሞላች፣ ሻርኮቹ ከየት እንደሚመጡና ወዴት እንደሚሄዱ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራቻት። ያለምዘውድ ሩዟን በዓሣ እየበላች ሁሉንም ሰማች። ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ መሪውን አሻግራ ተጣራችና ጠየቀችው፦

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንገባው?"