አራተኛዋ ዘንግ

ምንም ያልተቀላቀለበት ነጭ ሴራሚክ ስንጥቅን የሚቋቋምበት ልክ ሦስት ነጥብ አራት ነበር። እሳት ይችላል፣ ብረት አይጭረውም፤ አንዲት ስንጥቅ ከገባችበት ግን ሳያስጠነቅቅ ለሁለት ይከፈላል። ወንድሟ ይህን ግትርነቱን ሊያስተወው፣ ናኖቲዩብ የሚባሉትን ከጸጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች ከዱቄቱ ጋር ቀላቅሎ በምድጃ ይተኩሳል። ስንጥቅ ሲመጣ ቱቦዎቹ እንደ ስፌት ክር ግራና ቀኙን አያይዘው ያቆሙታል፤ ሐሳቡ ይህ ነው።

የተተኮሰውን በማሽን ሰብሮ ልኩን ማንበብ የእሷ፣ የታናሽ እህቱ ሥራ ነበር። በልጅነቷ የሰበረችውን ሁሉ የሚጠግንላት እሱ ስለነበር ባልደረቦቻቸው እስኪበቃቸው ስቀውበታል።

ዛሬ ግን የሳቀ የለም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ከቅይጡ የተሠሩት የአምስቱ ዘንጎች አማካይ ልክ አምስት ካልሞላ ምድጃው ለሌላ ቡድን ይሰጣል ብላ ቆርጣለች። አምስቱም የየራሳቸው ቅይጥ አላቸው።

የመጀመሪያዋ አምስት ነጥብ ስድስት አለች። ሁለተኛዋ አምስት ነጥብ አራት፣ ሦስተኛዋ አምስት ነጥብ ሰባት። አራተኛዋ ቀጭ አለች፤ ሦስት ነጥብ ሁለት።

ስብራቱን በማይክሮስኮፕ አየችው። ቱቦዎቹ ሳይበታተኑ ተጠቅልለው ጥቁር ጉብታ ሠርተዋል።

"ጋሼ፣ ና እየው። ያልተበጠረ ጸጉር መስሏል።"

ወንድሟ ዓይኑን አስጠግቶ ቆየ። "ይቺን ተያት በቃ። ጥፋቱ የቅይጡ እንጂ የሐሳቡ አይደለም።"

"ቅይጡን ማን ቀየጠው? ጎረቤት ነው?"

"እኔው ነኝ። ቱቦዎቹን በድምፅ ሞገድ ከሚበትነው ገንዳ ቅይጡን ቶሎ አወጣሁት።"

"አንተ? እንቁላል ስትቀቅል እንኳ ሰዓት የምትይዘው?"

"ውሃ ቤቴን አጥለቀለቀው ብለሽ የደወልሽልኝ ቀን ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እጇ ማሽኑ ላይ ቀረ። ያን ቀን ከማጠቢያው ሥር ተጋድሞ እስከ ክርኑ ረጥቦ ቧንቧዋን ሲያጠብቅ፣ ሥራ ጥለህ ነው የመጣኸው ብላ እንኳ አልጠየቀችውም። አንዲት ቁጥር ብትተውለት ምን ነበረበት? ለእሱ ብላ ያልተወችው ነገር የለም፤ ይህን ግን አልቻለችም።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን የሰው ዳሌ ውስጥ ይገባል ያልከኝ አንተ ነህ። ለዚያ ሰው አራተኛዋ ብትደርሰውስ?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ንጹሕ ነበር።

"ቁጠሪያት" አለ። "ሆዴ ግን ፈርቷል።"

"የእኔም። አምስት ነጥብ አንድ ከመጣ እንተርፋለን። ካልመጣ ቧንቧዬን መልሰህ ፍታው።"

ሳይወድ ፈገግ አለ። አምስተኛዋን ዘንግ በሁለቱ ድጋፎች ላይ አጋደመቻት። የማሽኑ ጥርስ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ነካት፣ ተጫናት። ሁለቱም ዘንጓን ሳይሆን ወለሉን ያዩ ነበር።

አምስተኛዋ አምስት ነጥብ ሦስት ላይ ተሰበረች። የአምስቱ አማካይ፣ አራተኛዋ ተቆጥራ፣ አምስት ነጥብ ዜሮ አራት ሆነ።